የበላይ አካል አስተያየት

በ2004 ዓ.ም. መስከረም ላይ ከገነተ ማርያም በላይ ያለው ትምህርት ቤት አንድ የፎቶ ካሜራ አገኘ። ሰጪው ውቅሩን ቤተ ክርስቲያን ሊያይ መጥቶ ዝናብ ሲይዘው ትምህርት ቤቱ ውስጥ የተጠለለ እንግዳ ነበር። ካሜራውን ብቻ አልሰጠም፤ ፎቶ የሚለጠፍበት የኢንተርኔት ገጽም ከፍቶላቸው ሄደ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ላሊበላ ከተማ በሆቴልና በበቅሎ ኪራይ ሥራ የሚውሉ ወላጆች የልጆቻቸውን ክፍል ከዚያው ሆነው ያያሉ፤ የመሰላቸውንም ከፎቶው ሥር ይጽፋሉ።

ሥራው ለአንደኛ ክፍል መምህርቷ ለምሥራቅ ተሰጠ። የምሥራቅ ባል ላሊበላ የሆቴል ምግብ አብሳይ ነው። ወደሱ ለመዛወር ሦስት ዓመት ሙሉ አመልክታ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ “በሂደት ላይ ነው” ተብላለች። ዘንድሮ ግን ርዕሰ መምህሩ አቶ ወንዴ ማመልከቻዋን ደግፈው በሰኔ ወደ ወረዳ ሊልኩላት ቃል ገብተዋል። እንከን ካልተገኘባት ነው።

ትምህርት ቤቱ መብራት የለውም። ስለዚህ ምሥራቅ ዓርብ ፎቶ ታነሳለች፤ ቅዳሜ ላሊበላ ገበያ የሚሄደው ዘበኛው አረጋ የካሜራውን ካርድ ይዞላት ይሄዳል፤ ያሲር የሚባለው ባለ ኢንተርኔት ቤት ይለጥፈዋል። ካርዱ ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም። ቢሆንም የመንግሥት ንብረት ነውና በንብረት መውጫ ቅጽ ላይ ይፈረምበታል። ዓርብ ዓርብ ምሥራቅ የማኅተሙን ቀለም ታቀርባለች፣ አረጋ አውራ ጣቱን ነክሮ ያትማል። “ምርመራ” የሚለው የመጨረሻው ዓምድ ሁልጊዜ ባዶ ነው።

ፎቶዎቹ ተጭነው እስኪያልቁ ግማሽ ቀን ይፈጃል። አረጋ እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቅና ሰኞ የወላጆችን አስተያየት በወረቀት ታትሞ ያመጣል። አብዛኛው ሰላምታና ምስጋና ነው። አንዲት እናት ልጄ ሸጌ ከስታለች ብላ ነበር፤ ሸጌ ግን ፎቶ ሲነሳ ጉንጯን ወደ ውስጥ የመሳብ ልማድ ነበራት።

በጥቅምት መጨረሻ ስም የሌለው አስተያየት መጣ።

“መስኮት።”

አቶ ወንዴ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ፎቶው ላይ የክፍሉ መስኮት ዝግ ነው። ከአሸተን ተራራ በኩል የሚመጣው ነፋስ ደብተር ስለሚገልጥ ምሥራቅ ትዘጋዋለች።

“ይሄ ወላጅ አይደለም” አሉ። “ወላጅ ሰላምታ ያስቀድማል። በአንድ ቃል የሚጽፍ ባለሥልጣን ነው።”

መስኮቱ ተከፈተ። በታኅሣሥ “ፊደሉ ትንሽ” የሚል ተከተለ። ምሥራቅ ሰሌዳው ሦስት ፊደል ብቻ እስኪይዝ ድረስ አሳድጋ መጻፍ ጀመረች። አቶ ወንዴ ለአስተያየቶቹ ፋይል ከፈቱላቸው። የወረዳው ሱፐርቫይዘር ለሐምሌ ግምገማ እንከን እየሰበሰበ ነው የሚል እምነት አደረባቸው።

በየካቲት የመጣው ግን አስደነገጣቸው።

“መምህሯ ስትጽፍ ሰሌዳውን ትጋርዳለች። የሐሙሱም ሳይከለስ ታለፈ።”

ፎቶ አንሺዋ ምሥራቅ ስለሆነች አንዱም ፎቶ ላይ የለችም። ሐሙስ ደግሞ ፎቶ ተነሥቶ አያውቅም።

“ሰላይ አለው” አሉ አቶ ወንዴ። ቃላቱንም ቆጠሩ። “አንድ ነበር፣ ሁለት ሆነ፣ አሁን ሰባት። ንዴቱ እየጨመረ ነው።”

የዚያኑ ዕለት አረጋን አስጠሩት።

“ጋሽ አረጋ፣ በዚያ መስኮት ሥር ጆሮውን አቁሞ የሚቀመጥ ሰው ካዩ እንዳይለቁት።”

“እኔ እያለሁ ማን ይጠጋና ነው?” አለ አረጋ። እስከዚያ ድረስ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ብቻ ነበር ወደዚያ ግድግዳ የሚመጣው። ከዚያ ወዲህ በርጩማውን ከበሩ አንሥቶ መስኮቱ ሥር ተከለው፤ እስከ መውጫ ደወል ድረስም ንቅንቅ አላለም። የትምህርት ቤቱ በር ሰው አጣ፤ ምሥራቅ ግን ልቧ አረፈ።

ከዚያ በኋላ ምሥራቅ ወደ ጎን እየተራመደች ጻፈች፤ የሐሙሱን ሰኞ ከለሰች። በግንቦት ልጆቹ የገበያውን የሱቅ ስም ሁሉ ጮክ ብለው እያነበቡ ወላጆቻቸውን አላስገዛ አሉ። አቶ ወንዴ የዝውውር ማመልከቻውን ፖስታ ውስጥ ከተቱ።

ፖስታው ሳይታሸግ የመጨረሻው አስተያየት ደረሰ።

“ይቺ መምህርት ከዚህ ትምህርት ቤት እንዳትነሣ። በሚመጣው ዓመት ሁለተኛ ክፍልን እሷው ታስተምር።”

አቶ ወንዴ ይህን ተነሥተው ቆመው ነው ያነበቡት። ከዚያ ማመልከቻውን ከፖስታው አውጥተው በቀይ እስክሪብቶ “በበላይ አካል መመሪያ ታግዷል” ብለው ጻፉበትና መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበት።

“ምን አጠፋሁ?” አለች ምሥራቅ። “ያለውን ሁሉ አድርጌያለሁ።”

“ያለውን ሁሉ ስላደረግሽ ይመስለኛል” አሉ አቶ ወንዴ፤ ደግሞም አዘኑላት።

ምሥራቅ በማግስቱ መስኮቱን ዘጋችው። ሳምንቱን ሙሉ አልከፈተችውም፤ ፊደሏም እንደ ድሮው አነሰ።

ዓርብ ከሰዓት አረጋ ካርዱን ሊወስድ መጣ። ምሥራቅ ቀና ሳትል ቅጹንና የማኅተሙን ቀለም ወደሱ ገፋች።

“ይፈርሙ፣ ጋሽ አረጋ።”

አረጋ ቀለሙን ቀስ ብሎ ወደ ጎን አደረገና እስክሪብቶዋን አነሣ፤ ስሙን በትልልቅ ፊደል ከጻፈ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ባዶ ወደኖረው “ምርመራ” ወደሚለው ዓምድ ተሻግሮ አንድ ቃል ጨመረ፦ “መስኮት።”