አረንጓዴው መብራት ሲበራ

ሐሳቡ የሚበታተን ተማሪ ሁሉ የአንጎሉን ሞገድ የሚያስተካክል ሻሽ ግንባሩ ላይ አስሮ እንዲያጠና ከታዘዘ ዓመት ሆነው። የትብለጥ ልጅ ሶልያና ድሮ አንድ መስመር ሳትጨርስ ሦስቴ ትነሳ ነበር፤ ወጥ ሲያር ግን ቀድማ የምታሸተውም እሷ ነበረች።

ዛሬ ትብለጥ ልብስ አስጥታ ስትመለስ ቤቱ በጭስ ታፍኗል። ድስቱን በባዶ እጇ ብድግ ስታደርገው ለበለባትና ጮኸች። አጠገቡ የተቀመጠችው ሶልያና ቀና አላለችም። ግንባሯ ላይ አረንጓዴው መብራት በርቷል።

«አንቺ፣ ጭሱ አልሸተተሽም?»

«ሸቶኛል፣ እማዬ። ሒሳቡን ግን አልጨረስኩም።»

ትብለጥ እጇን ውኃ ውስጥ ነክራ ጠበቀች።

ሒሳቡ አልቆ አረንጓዴው መብራት ሲጠፋ ሶልያና ሻሹን ፈታ ሶፋው ላይ ወረወረችና ዘላ ተነሳች። «እማዬ፣ እጅሽ! ምን አቃጠለሽ? ድመቷስ የት ሄደች? ለምን ታለቅሻለሽ?» መልስ ሳትጠብቅ መስኮት ልትከፍት ስትሮጥ ወንበር ገለበጠች።

ትንሽ ቆይታ ግራ ቀኝ ታይ ጀመር። «አማርኛ ይቀረኛል። ሻሼን አይተሻል?»

«እንደ ልማድሽ የሆነ ቦታ ጥለሽው ነዋ» አለች ትብለጥ፣ ከተቀመጠችበት ሶፋ ሳትነሳ።

ሻሹ ከሥሯ ነበር።