አንድ አንድ ሜትር

ከኑሪ ቆብ ውስጥ ያወጣሁትን ብጣሽ የዕጣ ወረቀት ገለጥ አድርጌ አየሁት፤ ምንም አልተጻፈበትም። ገልብጬም አየሁት። ባዶ ነው።

«እዋይ!» አልኩ። «አሥራ ሦስት ሰው ተኮልኩሎ፣ ባዶዋ የምታውቀው እኔን ብቻ ነው?»

ማንም አልሳቀም። አሥራ ሁለቱ ቁጥር ደርሷቸዋል፤ እኔ የቤት መሥሪያ ቦታ የለኝም።

ያለነው ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ ባለው በልብስ ሰፊው በኑሪ ሱቅ ውስጥ ነው። የቀበሌው አዳራሽ እንደ ልማዱ በውይይት ክበብ ተይዟል። አሥራ ሦስታችንም የእሪ በከንቱ ጎረቤታሞች ነን፤ የቤት ሠሪዎች ማኅበር አቋቁመን፣ ሁለት ዓመት ደጅ ጠንተን፣ ከከተማው ዳር አንድ መንገድ በአንድ ጎኑ ብቻ የሚያዋስነው ባዶ መሬት ተሰጠን። ፕላኑ ኑሪ ጨርቅ በሚቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል፤ እንዳይጠቀለል በአንድ በኩል ካውያ፣ በሌላው በኩል መቀስ ተጭኖበታል።

«እትዬ ትብለጽ፣ በጣም አዝናለሁ» አለ ፕላኑን የሠራው አርአያ። ገና ልጅ እግር ነው፤ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። «መንገዱ ጫፉ ዝግ ነው። ዝግ መንገድ ደግሞ ጫፉ ላይ መኪና የሚዞርበት ክብ ቦታ ሊኖረው ይገባል፤ ደንብ ነው። ክቡ አሥራ ሦስተኛውን ቦታ በላው።»

«ታዲያ አጥፋዋ!» አለ ሊቀ መንበራችን ካሣሁን። «ማን መኪና አለውና ነው የሚዞረው? ላጲስ የለህም?»

«ይጥፋ! ይጥፋ!» አለ ቤቱ ሁሉ።

«አይጠፋም» አልኩ እኔ።

ሁሉም ምክንያቱን ያውቁታላ። የዛሬ ሦስት ዓመት ቤቴ ሲቃጠል የእሳት አደጋ መኪናው ቶሎ ነበር የደረሰው፤ እግዜር ይስጣቸው። ግን የእኛ መተላለፊያ ሁለት ሰው ሲገናኝ አንዱ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍበት ነው። መኪናው መግቢያው ላይ ቆሞ እሪ ሲል፣ ውኃ በባልዲ እየተቀባበሉ ያጠፉልኝ እነዚሁ እዚህ የተቀመጡት ናቸው። ልጄን ለተኪዳንን ከጭሱ ውስጥ አዝሎ ያወጣት ካሣሁን ነው። ከዚያ ወዲህ የምናድረው በማኅበርተኛችን በዐፊፋ ጓዳ ውስጥ፣ በበርበሬ ጆንያዎቿ መሀል ነው።

በማኅበሩ የመጀመሪያ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ «ሌላው ቢቀር የእሳት አደጋ መኪና ገብቶ የሚዞርበት መንገድ ይኑረን» ያልኩትም እኔው ነኝ። አጨበጨቡልኝ። ይኸው፣ ያ ቃሌ ክብ ሠርቶ ቦታዬ ላይ ተቀምጧል።

«እናንተ ግቡ» አልኩ። «እኔ ሌላ ጊዜ ይደርሰኛል።» ሌላ ጊዜ የሚባል ነገር እንደሌለ አውቃለሁ፤ ሆድ ባሰኝና አንገቴን ደፋሁ።

ኑሪ ፕላኑን ሲያይ ቆይቶ፣ ሜትሩን ከአንገቱ ላይ አወረደ።

«አንተ ልጅ፣ የአንዱ ሰው ቦታ በመንገዱ በኩል ስንት ነው?»

«አሥራ ሦስት ሜትር።»

«ደንብህስ ከስንት አይጥበብ ይላል?»

«ከአሥራ ሁለት።»

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» አለ ኑሪ፤ «ጨርቅ ስቆርጥ ግን ሠላሳ ዓመቴ ነው። ከአሥራ ሁለት ሰው አንድ አንድ ሜትር ከተረፈ፣ ለአንድ ሰው ሙሉ ልብስ ወጣ ማለት ነው።»

አርአያ እርሳሱን አንሥቶ ጥግ ላይ ደመረ፣ አካፈለ። ፊቱ ቀላ። «ይሆናል» አለ። «ግን ሜትሩ በስብሰባ የጸደቀላችሁ ነው፤ እኔ ልቀንስባችሁ አልችልም። አንድ ሰው እንኳ እምቢ ካለ ይቀራል።»

ቀና ብዬ ማንንም ማየት አልቻልኩም።

«እኔ ሰጥቻለሁ» አለች ዐፊፋ። «ጓዳዬን ትልቀቅልኝ!»

ያን ጊዜ ሳቁ። «ሰጥቻለሁ» አለ ኑሪ። «ሰጥቻለሁ» አለ ጎረቤታችን ተክላይ። «እኔም» «እኔም» እያለ ዞረ፤ በሆዴ እቆጥራለሁ። አሥራ አንድ ላይ ቆመ።

ካሣሁን ማጅራቱን አከከ። «እኔ እኮ በዚያች ሜትር ጋራዥ ቢጤ…»

«ማን መኪና አለውና ያልከው አንተ አይደለህ እንዴ?» አለች ዐፊፋ።

ሱቁ በሳቅ ተናጋ። ካሣሁንም ራሱ ሳቀ። «ተያዝኩ!» አለ። «ሰጥቻለሁ። ልጅቷን ከእሳት አውጥቼ ውጭ ላሳድራት ነው እንዴ?»

ማመስገን ፈልጌ አፌን ከፈትኩ፤ አማርኛው ሁሉ ጠፋኝ። «የቐንየለይ» አልኩ በአገሬ ትግርኛ፤ «የቐንየለይ፣ የቐንየለይ» እያልኩ አለቀስኩ። ከተሜነቴ ሁሉ የት እንደገባ እንጃ። ግን የገባው ገባው፣ ያልገባውም ገባው።

ኑሪ ጭምድድ ያደረግኳትን ባዶ ወረቀት ከእጄ ወስዶ ጠረጴዛው ላይ በመዳፉ ዘረጋጋትና በልብስ ሰፊ ጠመኔው 13 ብሎ ጻፈባት።

አርአያ መስመሮቹን አንድ በአንድ በላጲስ እያጠፋ ጠጋ ጠጋ አደረጋቸው። ክቧን ግን አልነካትም። ሲጨርስ ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ክቧ ያረፈችው ከእኔ በር ፊት ለፊት ነው።