አዲሱ ካርቡራተር የት ገባ?

መጀመሪያ ይቅርታ... ስምንተኛን እንደጨረስኩ ነው ትምህርት ያቆምኩት።

የእጅ ጽሑፌ ስለማያምር በስልክ ነው የምጽፈው። ፊደል ብስት አትሳቁብኝ... ታሪኩን ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት።

"ይሄ ካልተገጠመ በሰርጉ ቀን በምን ዓይኔ ነው ሰው የማየው?"

ይህን ያሉት ጋሽ ጠሃ ናቸው... ጅማ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር፣ የመካኒኩ የሣህሉ ጋራዥ በር ላይ ቆመው።

ዘመኑ ደርግ ነው። ቤንዚን በኩፖን ነው።

ጋሽ ጠሃ ካርቶን ታቅፈዋል። ካርቶኑ ውስጥ አዲስ ካርቡራተር አለ... ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተር የሚያጠጣው ዕቃ ማለት ነው።

የላከላቸው አዲስ አበባ የሚኖረው ልጃቸው ከሊል ነው።

ከሊል ከሄደ ወዲህ ጅማን ረግጦ አያውቅም። ሰዉ መስጊድ ደጅ ላይ ሳይቀር "ያ ልጅህ ረሳህ አይደል?" እያለ ጋሽ ጠሃን ያሽሟጥጣቸው ነበር።

አሁን ግን የእህቱ የመድና ሰርግ ደረሰ። ከሊል በአባቱ ቮልስ መኪና ራሱ እየነዳ ሰርቦ ከተማ ባሏ ቤት ሊያደርሳት ነው።

አሮጌው ካርቡራተር ቤንዚን እንደሚያፈስ ሲሰማ፣ አዲስ ገዝቶ አስቀድሞ ላከ።

ጋሽ ጠሃ ካርቶኑን ይዘው ከተማውን ዞሩ። "ልጄ የላከው ነው" ያላሉት ሰው የለም።

ሣህሉ ካርቶኑን ከፈተ...

አገላብጦ አየው።

ዕቃው ያብረቀርቃል። ግን ለትልቅ ሞተር የተሠራ ነው... የጋሽ ጠሃ ቮልስ ደግሞ ትንሿ ናት።

ሞተሩ ላይ ያለው መቀመጫው አይገጥምም። ብረት ቆርጦ በግድ ቢያስገጥመው እንኳ ቤንዚኑ ይበዛባታል። ጥቁር ጭስ እየተፋች ሙሽሪትን ዳገት ላይ ይዛ ትቆማለች። ኩፖኑም ሰርቦ ሳይደርሱ ያልቃል።

አይሆንም ቢላቸውስ?

"ልጁ የላከው የማይሆን ዕቃ ነው" ተብሎ ሰውየው እንደገና መሳቂያ ሊሆኑ ነው።

"ነገ ይምጡና ይውሰዷት፣ ጋሽ ጠሃ" አለ ሣህሉ።

ከሄዱ በኋላ አሮጌውን ፈታው። ጥፋቱ አንድ ብቻ ነበር... ቤንዚኑን የምትዘጋው ትንሿ መርፌ ተበልታለች። ጅማ ውስጥ ምትክ የላትም።

አዲሱን ፈታው... መርፌዋ ልክ አንድ ዓይነት!

ከአዲሱ ነቅሎ አሮጌው ላይ ተከላት። አዲሱን በጨርቅ ጠቅልሎ መደርደሪያ ሥር ደበቀው።

በማግስቱ ቮልሷ ገና ሲነኳት ተነሳች። ድምጿ በረንዳ ላይ እንዳለ የልብስ ስፌት መኪና ልስልስ ብሏል።

ጋሽ ጠሃ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ቆይተው አዳመጡ...

"አልሐምዱሊላህ። የልጄ ዕቃ ነው" አሉ።

የሰርጉ ቀን ከሊል ነዳ። ሣህሉ ልቡ አላርፍ ስላለው መፍቻውን ኪሱ ከትቶ ከአጃቢዎቹ ጋር በጭነት መኪና ተከተለ።

ቮልሷ ዳገቱን እየዘፈነች ወጣችው።

ሰርቦ ሲደርሱ ግን ሚዜዎቹ ከሊልን ከበቡት። ከአዲስ አበባ የላከውን ዕቃ ካላሳየን አሉ።

ከሊል ደረቱን ነፍቶ ወደ ኋላ ሄደ... የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው።

ሣህሉ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስ ባለው።

ከሊል ከፈተ... አየ... መልሶ ዘጋው።

"ሞተሩ ግሏል። ሌላ ጊዜ" አለ።

"የአዲስ አበባ ዕቃ ዓይነ አፋር ነው እንዴ?" አለ አንዱ ሚዜ። ሰዉ ሳቀ፣ ጭፈራው ቀጠለ።

ከሊል ወደ አዲስ አበባ ከመመለሱ በፊት ጋራዡ መጣ። ዕቃውን ሲገዛ የሞተሩን ልክ እንዳልጠየቀ ነገረው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ...

"ጋሽ ሣህሉ፣ አደራዎን ለአባዬ እንዳይነግሩብኝ። ለኔ ብሎ ያፍራል።"

ሣህሉ አደራውን ተቀበለ።

ከሊል ከሄደ በኋላ ደግሞ ጋሽ ጠሃ መጡ። ግራ ቀኙን አዩና...

"ያንን ትልቁን እዚሁ አስቀምጥልኝ" አሉ። "ቤት ካስገባሁት ልጄ ሲመጣ ያገኘዋል።"

ሣህሉ መቼ እንዳወቁ ጠየቃቸው።

"የመኪናዬን ድምፅ ላጣው ነው? ወላሂ፣ ያኔ ስታስነሳት ነው አሮጌው እንደሆነ ያወቅሁት። ለከሊል ግን እንዳትነግረው... ያፍራል።"

"ቶሌ፣ እሺ" አለ ሣህሉ። "ግን ጋሽ ጠሃ... መርፌዋ የሱ ናት። ያለ እሷ መኪናዋ አትሄድም ነበር።"

ጋሽ ጠሃ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

"እንግዲያው አልዋሸሁም" አሉ።

ከዚያ በኋላ ከሊል በየኢዱ ጅማ ይመጣ ጀመር። መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ መኪናዋ ነው። አባቱም "ያንተ ዕቃ እንዴት እንደሚያስኬዳት!" ይሉታል... ሁለቱም እያወቁ።

ከዚህ ምን ተማርን?

የሚወድህ ሰው የማይገጥም ነገር ቢሰጥህ አትጣልበት። ፈታ አድርገህ እይ... የምትገጥም መርፌ አታጣበትም።

እናንተስ? የማይሆናችሁ ስጦታ ተሰጥቷችሁ ሰጪውን እንዳያፍር ያደረጋችሁት ነገር አለ? ኮሜንት ላይ ንገሩኝ፣ አንድ በአንድ አነባለሁ።

የሰዎቹን ስም ቀይሬዋለሁ። ሣህሉ ያልኳችሁ ግን አያቴ ነው።

ያ ትልቁ ካርቡራተር ዛሬ አልጋዬ ሥር ነው። ቤት ሰው ሲጠፋ አወጣና እያንዳንዱን ፈትቼ መልሼ እገጥመዋለሁ... ከመርፌዋ በቀር።

መካኒክ መሆን እፈልጋለሁ።

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም... ለአያቴም ጭምር።