ፊት የማይጋርድ መብራት

ጁነይድ ከምንም ነገር አንድ ብቻ ገዝቶ አያውቅም። ምንጣፍ ቢሆን ሁለት፣ ብርድ ልብስ ቢሆን ሁለት፣ የሻይ ማንቆርቆሪያ እንኳ ሁለት ነው። ሚስቱ መዲና ስትስቅበት «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» ይላታል። አንደኛው እቤት ይገባል፤ ሁለተኛው ኮምቦልቻ ወዳለው መጋዘን ይወርዳል።

ደሴ ሰኞ ገበያ አጠገብ የመብራት ሱቅ አላቸው። እሱ ዕቃ አመጣለሁ እያለ የሳምንቱን እኩሌታ ኮምቦልቻ ያድራል፤ ሱቁን የምትይዘው እሷ ናት። ከዓረብ አገር ተመልሶ ቤት የሠራ ሁሉ አሁን የሚጠይቀው ከጣሪያ የሚንጠለጠለውን የመስታወት መብራት ነው። ገዢው ጣሪያው ሥር ሊለጥፈው ሲል መዲና ታስቆመዋለች። ሦስቱን ከምግብ ጠረጴዛው በላይ አንዱን ዝቅ፣ አንዱን ከፍ፣ አንዱን መሃል ታደርጋለች። በሜትር አትለካም። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ታስቀምጥና «ትተያያላችሁ?» ትላለች። ካልተያዩ ገመዱን ታሳጥራለች።

«ፊት ከጋረደማ ምኑን መብራት ሆነ?»

ከተጋቡ አሥራ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። ልጅ የለም። ሐኪም ቤት አብረን እንሂድ ስትለው «የእኔን ተይው» ይላል። አንድ ቀን ጥርሷን ነክሳ «ሌላ አግባና ውለድ፤ አልከፋም» አለችው።

«ወላሂ፣ ልጅ አልጠማኝም» አላት።

ያን ቀን በደስታ አለቀሰች። ኩታበር ያሉት እናቱ እንኳ «ልጅስ?» ብለዋት አያውቁም። እንዲህ ያሉ አማት በወሎ ምድር ተፈልገው አይገኙም እያለች ለጎረቤት ታወራለች።

ከኢድ በኋላ ጁነይድ ከሱቁ ሦስት የጭስ መልክ ያላቸው መብራቶች አወረደ። እነሱን የመሰሉ ሦስት ባለፈው ዓመት ለእሷ ሰቅሎላታል።

«ለማን ነው?»

«ለደንበኛ።»

በማግስቱ ከጎን ልብስ የምትሰፋው ሰርካዲስ መጥታ የሱቁን በር ገርበብ አደረገችው።

«መዲናዬ፣ ዝም ልል ነበር፤ አንጀቴ እምቢ አለኝ። ትናንት ኮምቦልቻ ቀሚስ ላደርስ ወርጄ በአንድ ሰርግ ቤት በር ሳልፍ ጁነይድን አየሁት። ድንኳን ያስተክላል፤ ሽማግሎች ተቀብሎ ያስገባል።»

«የዘመድ ይሆናል።»

«ሙሽራዋ ሂና የተቀባ እጇን ስታሳየው እንዴት እንደሳቀላት ባየሽ! ልጅ እግር ናት፤ ሃያን ያለፈች።»

መዲና የምትጠርገውን መስታወት አስቀመጠች።

«ኒካሁ መቼ ነው?»

«ነገ ነው አሉ።»

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። መዲናን ግን ገደዳት። ለመጣ ሰው አምፖል ፈትሻ ሸጠች፣ ሱቁን ጠረገች፣ ቆለፈች። እጇ ይሠራል፤ ሌላው ሰውነቷ ግን የሌላ ሰው መስሎ ተሰማት።

በነጋታው በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈረች። የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ የምትለውን በልቧ ደጋገመችው፤ ሌላዋን ከማሰርህ በፊት እኔን ፍታኝ። ማግባቱ አልነበረም የጎዳት፤ ራሷ ፈቅዳለት ነበር። የጎዳት «አልጠማኝም» ማለቱ ነው። ጉዳቱም ቢሆን እንደ ደነዘዘ እግር ነበር፤ እንዳለ ታውቃለች፣ አይሰማትም።

ሰርካዲስ በነገረቻት ምልክት ያገኘችው ግቢ በሰው ሞልቷል። ሰርግ ቤት ነውና ማን ነሽ ያላት የለም። አንዲት ጠና ያለች ሴት «ግቢ እህቴ፣ መርሐባ» ብላ እጇን ይዛ እስከ ሳሎኑ በር አደረሰቻትና ወደ ማጀት ተመለሰች።

መዲና መጀመሪያ ያወቀችው ምንጣፉን ነው። የእሷው ቤት ምንጣፍ መንታ ነበር፤ የዚህኛው ዳር ዳሩ ነትቧል። ማንቆርቆሪያውም የእሷው ዓይነት ነው። መጋዘን ያለው ይኸው ኖሯል። ስንት ዘመን ሙሉ ለዚች ልጅ ጎጆ ሲያሟላ ነበር እሷ የምትስቀው!

ሦስቱ መብራቶች ከጠረጴዛው በላይ ናቸው፤ አንዱ ዝቅ፣ አንዱ ከፍ፣ አንዱ መሃል። ጁነይድ ወንበር ላይ ቆሞ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ የዝቅተኛውን ገመድ ያሳጥራል። ሙሽራዋ ከጠረጴዛው ወዲያ ተቀምጣ ቁመቱን ትነግረዋለች።

«ጁነይድ» አለች መዲና። «ኒካሁ ከመታሰሩ በፊት አንድ ቃል ብቻ።»

ዞረ። ገመዱ ከእጁ አመለጠና መብራቱ ይወዛወዝ ጀመር። ሙሽራዋ ተነሥታ መስታወቱን በሁለት እጇ አስቆመችው። መብራቱ ማንንም አልጋረደም። ሁለቱ ሴቶች ፊት ለፊት ተያዩ፤ ልጅቱ በትሕትና አንገቷን ሰበር አደረገችና ወደ ወንበሩ ቀና አለች።

«አባዬ፣ ውረድ እንጂ፤ እማዬ እንግዳ አስገብታለች።»