የይታገሱ ቀሪ ዓመታት

መድን ድርጅቱ ወይዘሮ ዘነቡ ሰባ አራት ዓመት ይኖራሉ ብሎ ገምቶ ነበር፤ የልብ መድኃኒት የሚሰጣቸውም እስከዚያው ብቻ ነው። እሳቸው ግን ግምቱን አልፈው ሰባ አምስትን ያዙ። ማክሰኞ ጠዋት የድርጅቱ ሠራተኛ ፋንታዬ መድኃኒት ይዛ ኮምቦልቻ ቤታቸው ድረስ መጣች።

«የኔ ዕድሜ አልቆ የለም እንዴ፣ ልጄ?»

«ከግምቱ ቀድሞ የሞተ ሰው ያልኖረው ዓመት ለቤተሰቡ ይተላለፋል፣ እማማ። የይታገሱ አርባ ሦስት ዓመት አለልዎት።»

ይታገሱ አምና በመኪና አደጋ የሞተ አንድያ ልጃቸው ነው። ብልቃጡ ላይ ስሙ ተጽፏል።

«ለሌላ እናት ልጅ ስጪው» አሏት።

«አይቻልም፤ ካልወሰዱት ይጣላል።»

ከብልቃጡ አንዷን ፍሬ አውጥተው ዋጧት።

«እኔ ነበርኩ እኮ የማወርሰው» አሉና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው አለቀሱ። ፋንታዬም አጠገባቸው ተቀመጠች።