ከጎናቸው ያልተለየችው ልጅ

ወይዘሮ አባዲት ነገር መርሳት ከጀመሩ ወዲህ፣ የሞቱትን ባላቸውን ፍለጋ በሰዓት እላፊ ከቤት ይወጡ ነበር። ባለፈው ሳምንት ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ መንገድ ላይ ጥበቃዎች ሊተኩሱባቸው ሲሉ ልጃቸው ጽገሬዳ እየጮኸች ደርሳ አቀፈቻቸው። ሌላ ልጅ አልነበራቸውም፤ እሷም ሥራዋን ትታ ልትጠብቃቸው አትችልም ነበር። በማግስቱ ልደታ ማርያም አጠገብ ወዳለው የአረጋውያን መጦሪያ ወሰደቻቸው። በሩ ላይ ነጠላዋን ጨምድደው ይዘው፣ "ትተሽኝ አትሂጂ" አሏት። ጣቶቻቸውን አስለቅቃ ሄደች።

እሑድ ብርቱካን ይዛ መጣች። እናቷ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሽበታቸው በወጉ ተጎንጉኗል።

"እማዬ፣ እኔ ነኝ፤ ጽገሬዳ።"

"ጽገሬዳማ እዚሁ ናት" አሉ ፈገግ ብለው። "ትታኝ አልሄደችም።"

ጽገሬዳ እግራቸው ሥር ተንበረከከች። "እማዬ፣ በማርያም እዪኝ! ቤታችን ልውሰድሽ።"

ወይዘሮ አባዲት ፈርተው ጉልበታቸውን ሰበሰቡ። ጽገሬዳ እንዳለች ወደምትባለው አስታማሚ ዞረች።

"ፀጉሯን ማን ሠራት?"

"ልጃቸው ናት" አለች አስታማሚዋ። "ካመጣቻቸው ጀምሮ ከጎናቸው አልተለየችም። አሁን ውኃ ልትቀዳላቸው ወጣ ብላ ነው።" ጽገሬዳን ትክ ብላ አየቻት። "መንታ እኅቷ ነዎት እንዴ? መልካችሁ አንድ ነው።"

ከኮሪደሩ የእግር ኮቴ ተሰማ።

"መጣሁ እማዬ! ማን መጣብሽ?"

ድምፁ የራሷ የጽገሬዳ ነበር።

"እኔ እንጃ ልጄ" አሉ ወይዘሮ አባዲት። "አላውቃትም።"