ሁለተኛው ፍሪሲዮን

የሰይፈሥላሴ ላዳ በሦስት ወር ውስጥ ሁለተኛ ፍሪሲዮን በላች።

በመጀመሪያው ጊዜ «አርጅታለች፣ ምን ይደረግ» ብሎ አለፈው። በሁለተኛው ግን ጉድ ሊሠራ ነበር። አራት ተማሪዎች ጭኖ ዳገቱ ላይ ሲደርስ ሞተሯ ይጮሃል እንጂ መኪናዋ አትሄድም፤ ጭራሽ ወደኋላ መንሸራተት ጀመረች። አንዷ ሕፃን አለቀሰች። በእጅ ፍሬን ባይዛት ኖሮ የሚሆነውን እግዜር ነው የሚያውቀው። ሰይፈሥላሴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ እንጀራው እነዚያን ልጆች ማመላለስ ነው። ወላጆቹ አንዴ ታግሰውታል፤ ሁለተኛ አይታገሱትም።

አየር ጤና ያለው መካኒኩ ወንድዬ ካምቢዮውን አውርዶ የፍሪሲዮኑን ኩሽኔታ መዳፉ ላይ አሽከረከረው። እንደ ወፍጮ አጉረመረመ።

«ጋሼ ሰይፉ፣ ይሄ ተቃጥሏል። ሲግል ግራሶው ቀልጦ ዲስኩ ላይ ተረጭቷል። ፍሪሲዮን ደግሞ ቅባት ከነካው አለቀለት።»

«እና እኔ ምን አደረግሁ?»

«የፍሪሲዮኑ ፔዳል ላይ እግርዎን ያሳርፋሉ። እንዲያ ሲሆን ኩሽኔታው እረፍት የለውም።»

ሰይፈሥላሴ ቱግ አለ። «እኔን ነው? ሠላሳ ዓመት ነድቼ! ማርሽ ቀይሬ ስጨርስ እግሬ ወለሉ ላይ ነው! አንተው ነህ ግራሶውን እንደ ቅቤ የለቀለቅከው።»

ወንድዬ አልተቆጣም። እጁን በሳሙና ታጥቦ አዲሱን ዲስክ ከወረቀቱ አወጣና ጠርዝ ጠርዙን ይዞ አሳየው። «በዘይት እጄ ነክቼው አላውቅም። ግራሶም የጣት ጫፍ ያህል ነው የማደርገው። ቤት ውስጥ ሌላ የሚነዳ አለ?»

«ማን አለ! ሚስቴን የሺን ድሮ ላስተምራት ሞክሬ፣ ገና በሦስተኛው ቀን ተጣልተን ተውነው።»

«መኪናዋ የት ነው የምታድረው ታዲያ?»

ይህቺ ጥያቄ ሰይፈሥላሴ ሆድ ውስጥ ገብታ ቀረች።

የሱ ቅያስ መኪና አያስገባም። ላዳዋ አስፋልት ዳር፣ ከሌሎች ስድስት መኪኖች ጋር፣ በዘበኛው በጥሩነህ ጥበቃ ታድራለች። ጥሩነህ ሌሊቱን ሙሉ ብቻውን ነው። ቁልፍ ማስቀረጽ ደግሞ ዛሬ ምን ይቸግራል? ትርፍ ቁልፉን ቤት ሄዶ አየ፤ በሩ ኋላ ምስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ቤንዚኑም አልጎደለም። እንዲያውም አንድ ሁለት ጊዜ የጨመረ መስሎት ነበር።

«ብልጥ ነዋ! እንዳልነቃበት እየሞላ ነው» አለ ለራሱ።

በማግስቱ ጥሩነህን ያዘው። «መኪናዬን የሚነካት አለ?»

«ኧረ ጋሼ! እኔ እያለሁ ሌባ አይነካትም።»

ዓይኑን ግን ከመሬት አላነሳም። ሰይፈሥላሴም «ማስረጃው ይሄ ይበቃኛል» አለ በልቡ።

ከዚያ በኋላ መቀመጥም መቆምም አቃተው። በረንዳው ላይ ይመላለሳል፣ ይገባል፣ ይወጣል። የግፊት ክኒኑ እንደ ድንጋይ ስለሚያስተኛው ሌሊት ተነስቶ መሰለል አልሆነለትም። ሰኞ፣ ረቡዕና አርብ የሺእመቤት ነጠላዋን ተከናንባ ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች፤ እሱ ሲነቃ ተመልሳ ቁርስ ትሠራለች። «ኪዳን አድርሼ መጣሁ» ትለዋለች። ቃሉ አንዳንዴ ጆሮውን ይቆረቁረዋል፤ ግን ጸሎትን ማን ይከለክላል? ግራ ባቷን እያሸች ስታነክስ ግን አንጀቱን ትበላዋለች።

«ቆመሽ ቆመሽ እኮ ነው። ቁጭ ብለሽ አድርሺ እንጂ!»

«ቁጭ ብዬማ ነው» ትላለች፣ ትስቃለች።

ስለ ዘበኛው ሲነግራት ግን አልሳቀችም። «ተው ሰይፉ፣ ሚስቱ አራስ ናት። አትበድለው።»

«አንቺ ደግሞ ለማንም ታዝኛለሽ! ለዚያ ለወንድሜም ስታዝኚ ነበር!»

የሺ ሳህኑን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች። ታናሽ ወንድሙ ከእናታቸው ቀብር ከቀረ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሰይፈሥላሴ ያን ቀን «ስሙ ቤቴ ውስጥ እንዳይነሳ» ብሎ ምሏል። የሺም በዚህ ተከራክራው አታውቅም።

እሑድ ባለመኪኖቹን ሰብስቦ ተናገረ። እጅ ከፍንጅ ከተያዘ ጥሩነህ በዕለቱ እንዲባረር ተስማሙ። ማታ ክኒኑን አልዋጠም፤ ሲገላበጥ አደረ። የሺ በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ ስትወጣ ሰማት። ጥቂት ቆየና ካፖርቱን ደርቦ፣ ዱላውን ይዞ ወጣ።

ገና ከቅያሱ ሳይወጣ የላዳዋን ድምፅ ለየው። የገዛ ሞተሩን አያጣውም። መብራቷ በርቷል፤ ልትወጣ ትንቀጠቀጣለች።

«ያዝኩህ! አንተ ሌባ!» ብሎ ፊት ለፊቷ ተገተረ።

ላዳዋ አንዴ ዘለለችና ሞተሯ ጠፋ። ከጎን አንድ ሰው እየሮጠ መጥቶ ክንዱን ያዘው። ጥሩነህ ነው።

«ጋሼ፣ በእመቤቴ! በሽተኛ አለ ውስጥ!»

ሰይፈሥላሴ ግራ ገባው። ጥሩነህ እዚህ ከቆመ መሪው ላይ ያለው ማነው? በሩን በርግዶ ከፈተው። የሺእመቤት ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሁለት እጇን መሪው ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ግራ እግሯ አሁንም ፔዳሉ ላይ ነው። ከኋላ ጋቢ የለበሰ፣ ክንዱ በፋሻ የተጠቀለለ ሰው በሩን ከፍቶ ሊወርድ ይታገላል። ከስቶ አጥንቱ ቀርቷል፤ ዓይኖቹ ግን የእናታቸው ናቸው።

ዱላው ከሰይፈሥላሴ እጅ ወደቀ። የሺ ቁልፉን መሪው ሥር እንደተሰካ ትታ ወረደችና ዞራ ከጎን ወንበር ገባች።

«ኪዳን፣ በሩን ዝጋው» አለች፤ «ዛሬ ለኩላሊት እጥበትህ የሚያደርስህ ወንድምህ ነው።»